«ካሜራ ግዛ፣ ሌላው ይከተላል» ላሉት ጸሐፊ፦ እኔ ጋ አልተከተለም

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ቤቴ ውስጥ የምትለማመደው ልጅ ስልኳን አቀበለችኝና «ጋሼ፣ ይህን አይተውታል?» አለችኝ። ፎቶ አንሺ ለመሆን ምን እንደሚያስፈልግ የሚመክር ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ልጅቷ ማታ ማታ የፎቶግራፍ ሙያ ኮርስ ትማራለች። ጽሑፉን ካነበበች በኋላ ግን የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ለሌንስ መግዣ ልታደርገው አስባለች። «ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብበው» አልኳት። ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ተናድጄ ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህ ነው። ፎቶግራፍ የዓይን ነገር ስለሆነ ትምህርት አያስፈልገውም፤ ቀደምቶቹም ሳይማሩ ነው ስመ ጥር የሆኑት። ጥሩ ካሜራ የያዘ ሰው ሥራ አይቸግረውም፤ በአንድ ሰርግ የመምህርን የወራት ደመወዝ ያገኛል፣ ሒሳብና ግብር ደግሞ የነጋዴ ጣጣ ነው። ጀማሪ ስሙ እስኪታወቅ በነጻ ያንሳ። በወዳጅ ዘመድ መካከል ውል መፈራረም ነውር ነው። ያነሳኸው ፎቶ ያንተ ስለሆነ እንደ ልብህ ለጥፈው። ዳር አገር ገበያ ስለሌለ ቦሌ ግባ።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ይህ ቡና ላይ ሁሌም የሚባል ነው። እኔም አዲስ አበባ ዳር፣ ከካራ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ላይ ይህችን ሦስት በአራት የሆነች ቤት ስከፍት ከስድስቱ አምስቱን አምን ነበር። ስለዚህ ምላሼን እንደ ዳኛ ብያኔ አትዩብኝ፤ የተቀጣ ሰው ነው የሚያወራችሁ።

ከትምህርቱ ልጀምር። ቀደምቶቹ አልተማሩም ማለት ዲፕሎማ አልሰቀሉም ለማለት ከሆነ ያስኬዳል። ግን የአጼ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ከነበሩት ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያው የወረደው ወደ ልጆቻቸው ነው፤ ቶኒ የሚባሉት ልጃቸው በኋላ የአጼ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ሆኑ። ፎቶ ቤት ውስጥ ተወልዶ ማደግ ትምህርት ካልተባለ ምን ሊባል ነው? በእኛ ዘመንም ፎቶ አንሺው ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ የወጣ ሰው ነው። የዘይት ቀለም አልስማማው ሲል ነው ወደ ካሜራ የዞረው። አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህም ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የሠራች ናት። ዓይን የሌላቸው አይደሉም፤ ዓይናቸውን ያሠለጠነላቸው ነገር ነበረ።

ደግሞ ዓይን ብቻውን የማያሳየው ነገር አለ። ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ነጭ ቬሎ ወይም ነጭ ነጠላ ክፈፉን ሲሞላው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ያኔ ቬሎው ግራጫ ይሆናል፣ የሙሽራዋ ፊትም አብሮ ይጠቁራል። የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ደግሞ የተገላቢጦሹን ያደርጋል። የእኛ አገር ሰርግ ነጭ ልብስና ጠይም ፊት ጎን ለጎን የሚቆሙበት ስለሆነ ይህን ሳይረዳ የሚያነሳ ሰው ቀኑን ሙሉ ከካሜራው ጋር ሲታገል ይውላል። ነገሩ የቆየ ነው። ኮዳክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ፎቶ የሚያትሙ ላቦች ቀለም እንዲያስተካክሉበት የሚልከው ናሙና የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ማሽኑ በእሷ ፊት ሲስተካከል የእኛ ፊት የሚሆነውን መገመት አያቅትም።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ሰርግ ነው። ካራ አካባቢ ሰማያዊ ድንኳን ውስጥ የተደገሰ ሰርግ ነበር። ብልህ ነኝ ብዬ ፍላሹን ወደ ድንኳኑ ጣሪያ አዞርኩት፤ ነጭ ኮርኒስ ያለው ቤት ውስጥ እንዲህ ሲደረግ ብርሃኑ ለስልሶ ይመለሳል። ከሰማያዊ ሸራ የሚመለሰው ግን ሰማያዊ ነው። የፎቶውን ጥራት ዝቅ አድርጌ፣ ካሜራው ራሱ ጨምቆ በሚያስቀምጠው በጄፔግ ስላነሳሁ በኋላ ማስተካከል አልተቻለም። አልበሙን ሳስረክብ የሙሽራዋ እናት ገለጥ ገለጥ አደረጉና «የኔ ልጅ ያን ቀን ታማ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ዛሬም ስማቸው ሲነሳ አንገቴን እደፋለሁ። ካሜራው ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠውን ጥሬ ፋይል ማንሳት፣ ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ቀለሙን በግራጫ ካርድ ማስተካከል፣ ድንኳን ውስጥ ፍላሹን ከጎን በነጭ ጃንጥላ መምታት፤ ይህ ሁሉ አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ትምህርት ነው። እኔን ግን አንድ ሙሉ ሰፈር ደንበኛ አስከፍሎኛል።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። ኮርሶቹ ጉድለት አለባቸው። የልጅቷን ደብተር አገላብጬ አይቼዋለሁ። የካሜራ ክፍሎች ስም ሦስት ሳምንት ተጽፎበታል፣ በተግባር የነኩት ካሜራ ግን ለክፍሉ ሁሉ ሁለት ነው። ዋጋ እንዴት እንደሚተመን የሚል አንድ ገጽ ፈልጌ አጣሁ። ጸሐፊው «ኮርሱ አላስተማረንም» ቢሉ አጨበጭብላቸው ነበር። «መማር አያስፈልግም» ማለት ግን ዳቦው ጥሬ ነው ብሎ ዱቄት መድፋት ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ዋናው ጠቤ እዚህ ጋ ነው። ጸሐፊው አንድ ሰርግ ስንት እንደሚከፍል ጻፉ፣ አንድ ሰርግ ስንት እንደሚበላ ግን አልጻፉም። ባለፈው ጥር ያነሳሁትን አንድ ሰርግ ከደብተሬ ላውጣላችሁ። ፎቶና ቪዲዮ፣ አልበምና የፊርማ ቦርድ ጨምሮ 35,000 ብር ተስማማን። ለቪዲዮ ካሜራማን 6,000፣ ለረዳት 2,500፣ ለኤዲተር 4,500፣ ለላብ 9,500፣ ከሙሽራዋ ቤት አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ሙሽራው ቤት፣ በማግስቱ ደግሞ ለመልስ የተመላለስኩበት ትራንስፖርት 2,000፣ ለዲስክና ለሜሞሪ ካርድ 1,000 ብር። ድምሩ 25,500 ነው። «ታዲያ 9,500 ተረፈህ» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ እል ነበር፤ እንዲያውም ማታውኑ ግማሹን አስብ የነበረው በጥሬ ሥጋ ነው።

ካሜራው ግን እንደ ጎማ ያልቃል። አምራቾቹ በየጠቅታው ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ ስንት ጊዜ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ታስቦ እንደተሠራ ይናገራሉ። ካኖን 70ዲ የሚባለው ካሜራ 100,000 ጊዜ ነው፣ 5ዲ ማርክ 3 ደግሞ 150,000። እኔ ይህን ያወቅሁት የ70ዲዬ መዝጊያ በጥር እሑድ፣ ኬክ እየተቆረሰ፣ በመቶ ሰው ፊት «ቀጭ» ብሎ ሲቀር ነው። የቀረውን ፕሮግራም በረዳቴ ትንሽ ካሜራ ጨረስኩት። በማግስቱ ሌላ ቦዲ፣ ማለትም ያለ ሌንስ ካሜራውን ብቻ፣ ስጠይቅ 120,000 ብር አሉኝ። እስቲ አስሉት። ለ100,000 ፎቶ 120,000 ብር ማለት አንዷ ጠቅታ 1 ብር ከ20 ሳንቲም ናት። ሰርግ ላይ 3,000 ጊዜ እጫናለሁ። 3,600 ብር ድግሱ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ያገለገለ ቦዲ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከ9,500 ላይ ቀንሱት፣ 5,900 ይቀራል። ሰርጉን፣ መልሱን፣ ፎቶ መረጣውን፣ ወደ ላብ ምልልሱን ብቆጥር የስድስት ቀን ሥራ ነው። በቀን ሺህ ብር አልሞላም። የቤት ኪራይና ግብር ገና አልተነሳም!

እዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ጨምሩበት። ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ካሜራዬን በገዛሁበት ዋጋ እያሰብኩ መተኪያ ሳስቀምጥ ብኖር ኖሮ ያጠራቀምኩት ግማሽ ካሜራ ይሆን ነበር። ለነገሩ አላጠራቀምኩም። ያዳነኝ የሰፈር እቁብ ነው፤ ሦስተኛ ዕጣ ደረሰኝ። አሁን መተኪያውን የማስበው ዛሬ ሱቅ በሚጠራው ዋጋ ነው፣ በየሁለት ወሩም እየደወልኩ እጠይቃለሁ። ሻጩ «መቼ ነው የምትገዛው?» እያለ ሰልችቶኛል።

ግብሩም ቢሆን የነጋዴ ጣጣ ብቻ አይደለም። አንድ ድርጅት ለግንባታ ሥራው ፎቶ አንሳልን ብሎ ጠራኝ። ያኔ ንግድ ፈቃድ የለኝም፣ ቲን የሚባለውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም አላወጣሁም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለድርጅት አገልግሎት ሸጦ ቲን ያላቀረበ ሰው ከክፍያው 30 በመቶ ይቆረጥበት ይላል። ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ አዝናልኝ ነበር፤ ግን ቆረጠችው። ቲን ማውጣት ከዚያ ሁሉ በጣም ቀላል ነበር።

በነጻ ማንሳትን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። እኛ ሰፈር ሁሉም ሰው በእድር፣ በማኅበር፣ በልጆች ትምህርት ቤት ይገናኛል። ለአንዱ በነጻ ያነሳኸው ክርስትና በሚቀጥለው እሑድ እድር ላይ ዋጋ ሆኖ ይወራል፤ «ለእነ እገሌ እንኳ በነጻ አንስቶ ለእኛ ሦስት ሺህ?» ይባላል። እኔ አሁንም ለዘመድ በነጻ አነሳለሁ፣ ግን የዋጋ ወረቀት እሰጣለሁ። ሙሉ ዋጋው ይጻፋል፣ ከሥሩ «ስጦታ» ተብሎ ይሰረዛል። ስጦታው እንዲታወቅልኝ ብዬ ነው፣ ዋጋውም እንዲታወቅ። ልምድ የሚፈልግ ጀማሪ ደግሞ በነጻ ከሚያነሳ ለሌላ ፎቶ አንሺ ረዳት ሆኖ ቦርሳ ቢሸከም ይሻለዋል። ሲሳሳት የሚያርመው ሰው አጠገቡ አለ፣ የቀን አበሉንም ያገኛል።

ውል ነውር ነው የሚለውን ግን በዝምታ አላልፈውም። የእኛው አባባል «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ነው የሚለው፤ ነውርነቱ ከየት መጣ? ነውር የሚሆነው አክስት «አልበሙ 40 ገጽ ነው ብለኸኝ ነበር» ስትል፣ አንተ «30 ነው ያልኩት» ስትል፣ በሰው ለቅሶ ላይ ሳይቀር ስትኮራረፉ ነው። የእኔ ውል አንድ ገጽ ናት። ቀኑ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ስንት ካሜራ፣ ስንት ገጽ አልበም፣ በስንት ቀን እንደሚረከብ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ፎቶው የት ሊለጠፍ እንደሚችል። አስር ደቂቃ አይፈጅም፤ ሽማግሌም አይፈልግም።

ስለ ቀብድ የምናገረው ከኪሴ ነው። አንድ ዓመት ለጥር እሑድ 5,000 ብር ቀብድ ተቀበልኩ። ለዚያው ቀን የተሻለ የሚከፍል መጣ። እኔም ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ «ይቅርታ፣ አልተመቸኝም» ብዬ ልመልስ ሄድኩ። የሙሽራው አጎት ጠበቃ ኖረዋል። ፖስታውን ቆጠሩና «ግማሹ የት አለ?» አሉኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። 10,000 ብር ከፈልኩ። የተሻለ ከፋዩ ሰርግ ያተረፈልኝ ከዚያ ያነሰ ነበር።

አሁን ጸሐፊው በጣም ወደተሳሳቱበት ልምጣ፦ «ያነሳኸው ፎቶ ያንተ ነው፣ እንደ ልብህ ለጥፈው።» ይህ ምክር ጀማሪውን ፍርድ ቤት ሊያቆመው ይችላል፤ ቢያንስ ይህቺን አንቀጽ ቢያርሟት ደስ ይለኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሰው አዝዞት ወይም ቀጥሮት ለተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው ይላል። ሰርገኛው አዝዞሃል፣ ከፍሎሃል። ውል ላይ ያልጻፍክ ከሆነ ሽያጩም ቅጂውም የእሱ ነው። ለአንተ የሚቀርልህ ስምህ እንዲጠቀስ እንደ መጠየቅ ያለው የሞራል መብት ነው። ለራስህ ያነሳኸው፣ ማንም ያላዘዘህ ፎቶ የአንተ ነው፤ ጥበቃውም ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። እንግዲህ «ውል ነውር ነው» እና «ፎቶው ያንተ ነው» የሚሉት ሁለቱ ምክሮች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ፎቶው ያንተ የሚሆንበት አንዱ መንገድ ውሉ ነው።

መብቱ የአንተ ቢሆን እንኳ ፊቱ የአንተ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ለሹመኛና ለታወቀ ሰው፣ ለፍትሕ ሥራ፣ ለሳይንስና ለባህል፣ በአደባባይ ለሆነ ነገር ቀዳዳ ይከፍታል። በግል የተደገሰ ሰርግና ምርቃት ግን እዚያ ውስጥ ተጎትቶ አይገባም። እኔ ሕጉን ሳላውቅ የአንዲት ተመራቂ ፎቶ አሳምሬ በመስታወቴ ላይ ሰቀልኩ። ፎቶ ቤት ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እሷም ስትወስድ «ያምራል» ብላኝ ነበር። ከወር በኋላ አባቷ መጡ። አልጮሁም። መስታወቱ ፊት ቆመው አዩትና «ማን አስፈቀደህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን መስኮቴ ላይ ያሉት ሦስት ፎቶዎች ከጀርባቸው ፊርማ አላቸው። ቲክቶክ ላይ የሚለጠፈውም እንዲሁ። መስታወቱን ቢያንስ ማታ እዘጋዋለሁ፤ ቲክቶክ ግን አይዘጋም።

የመጨረሻው «ዳር አገር ገበያ የለም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ድሮ ቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝ ጉርድ ፎቶ ነበር። አሁን ለፋይዳም ለፓስፖርትም ፎቶው እዚያው ይነሳል። ለዘመን መለወጫ ቤተሰቡን ሰብስቦ የሚመጣውም በስልኩ ይነሳል፤ ስልኩም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚያ ይበቃዋል። የሄደው ሄዷል። ግን የመጣውን ጸሐፊው ከቦሌ ሆነው አላዩትም። ሐምሌ ሲደርስ ጋውን ለብሰው የሚመረቁ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች፣ ሶፋና አልጋውን በቴሌግራም የሚሸጠው የእንጨት ቤት፣ የሚሸጠውን ቤት ሳሎኑ ሰፋ ብሎ እንዲታይለት የሚፈልግ ደላላ፣ ለኢሬቻ ልብስ አሰፍተው ከቀኑ በፊት መነሳት የሚፈልጉ እህትማማቾች። የእንጨት ቤቱ ብቻ በወር አራት ቀን ይጠራኛል። ጾም አይል፣ ጥር አይል። ሰርግ በዓቢይ ጾም ሲቆም እኔን የሚያኖረኝ እሱ ነው።

እዚህ ለመሥራት ሌላ ዕውቀት ያስፈልጋል፣ ኮርሱም ጸሐፊውም ያላነሱት። አንዱ ቋንቋ ነው። ከመጡልኝ እናቶች ብዙዎቹ በአፋን ኦሮሞ «ኮልፊ» ሲባሉ ነው እውነተኛው ሳቅ የሚመጣላቸው፤ በአማርኛ «ሳቂ» ስላቸው ለጉርድ ፎቶ እንደቀረቡ ይኮሳተራሉ። ሌላው ወሰኑ ነው። ለገጣፎ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ናት፤ ትንሽ ወዲያ ካራ አዲስ አበባ ነው። ሱቅ ሲከራዩ የመንገዱ የትኛው ወገን እንደሆነ መጠየቅ፣ ፈቃዱና ግብሩ ለየትኛው ቢሮ እንደሆነ ማወቅ ያሻል። ቦሌ የገባ ሁለት የማውቃቸው ልጆች አሉ። አንዱ ተሳክቶለታል። ሌላኛው ኪራዩ አባርሮት ተመልሶ ከእኔ ሦስት ሱቅ አልፎ ከፍቷል፤ ፎቶው ከእኔ ይበልጣል፣ ስለዚህ ይህን አንብቦ እንዲስቅብኝ እፈቅድለታለሁ።

ልጅቷ ኮርሱን አላቋረጠችም። ዋጋ መተመኛውን እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብተሬ ላይ አሳያታለሁ፤ የድንኳኑንም ነገር። የተመኘችውን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ለአንድ የክርስትና ሥራ ከእኔ ተውሳለች። ከመስጠቴ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት አቀረብኩላት። አንብባ «ቢሰበርስ የሚለውን አልጻፉትም» አለችኝ። ጨመርንበትና ሁለታችንም ፈረምን።